የአርባ ሳንቲም ምራቂ

ግንቦት 11

ዛሬ ኮምፒውተር አዘዝኩ። በሸዋ ሮቢት ምድር ኮምፒውተር ያዘዘ የመጀመሪያው የማታ ተማሪ እኔ ዘውዴ ነኝ!… ደህና፣ ኮምፒውተሩን አልነካሁትም። ያዘዝኩት ኮምፒውተሩን የሚነካውን ልጅ ነው። እሱም ቢሆን ማዘዝ አይባልም። ጠየቀኝ፣ መለስኩ። አመላለሴ ግን የአዛዥ ነበር።

ልጁ ሳሙኤል ይባላል። የገበሬ ማኅበራችን የገዛውን የሒሳብ ፕሮግራም ሊጭን ከደብረ ብርሃን ወረደ። የደጋ ልጅ የሮቢትን ግንቦት የት ያውቀዋል? ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ውሃ በውሃ ላይ ደርቦ ይጠጣል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ሩት ለስብሰባ ደብረ ሲና ወጥታለች። ሊቀመንበሩም የለም። ግቢው ውስጥ የቀረነው እኔና ሚዛኔ ነን። የማኅበሩ ማሾ መዛኝ ነኝ።

"ጋሼ፣ ለገበሬው ስትከፍሉ ሳንቲም ትቆጥራላችሁ?"

"ሳንቲም? እዚህ አገር ሳንቲም የሚቀበል ለማኝ የለም!"

"ታዲያ ምን ላድርገው? ኃላፊዎቹን ልጠይቅ?"

"እኔን አግኝተህ ማንን ልትጠይቅ? ድፍን አርገው። ስትደፍነው ደግሞ ወደ ላይ! ይፋት ውስጥ ተሰፍሮለት ምራቂ ሳይጨመርለት የሄደ ሰው የለም።"

እንዲያምነኝ ከጆንያው ማሾ ዝቄ ጣሳ ሞላሁ። አናቱ ላይ አንድ እፍኝ ጣል አደረግኩበት። ምራቂ ይሉሃል ይኼ ነው! ሳቀ። ጠቅ ጠቅ አደረገ። ብሩ ሁሉ ተመዝግቦ የሚቀመጥበት ቦታ ዳታቤዝ ይባላል አለኝ። ጎተራ በለው አልኩት። ደግሞ ሳቀ። "በቃ፣ እርስዎ እንዳሉት ጎተራው ውስጥ ብር የሚጻፍባቸውን ሣጥኖች በሙሉ ድፍን አድርጌያቸዋለሁ" ብሎ መኪና እንዳያመልጠው ሮጠ።

ፊደል ከቆጠርኩ ዓመት አልሞላኝም። ይኸው አማካሪ ሆንኩ።

ግንቦት 14

ሩት ከደብረ ሲና ተመለሰች። ስለ ሳንቲሙ ልነግራት ነበር… ጨዋታ መጣና ረሳሁት። ነገ።

ግንቦት 15

ረሳሁት።

ሰኔ 1

የትርፍ ክፍያ ተጀመረ! ማኅበሩ ከኛ የገዛውን ማሾ ሸጦ ያተረፈውን፣ እያንዳንዱ ሰው ባስገባው ኪሎ ልክ ያካፍላል። ሁለት መቶ አርባ ሺህ ብር። ኮምፒውተሩ ስም፣ ኪሎ፣ ድምር ያለበት ወረቀት ይተፋል። ገበሬው ይፈርማል፤ የማይጽፈው አውራ ጣቱን ይጫናል። ነዒማ በመስኮቷ ትከፍላለች።

ነዒማ ገንዘብ ያዣችን ናት። ገና ልጅ ናት፣ ግን ብር ስትቆጥር ጣቶቿ አይታዩም። ስትከፍልም ሰውን በስሙ ትጠራለች፣ የታመመ ቤተሰብ ያለውን ትጠይቃለች።

ሰልፉ ላይ አንደኛ የቆምኩት እኔ። መዛኝ ብሆንም ገበሬ ነኝ፣ ስምንት ኩንታል አስገብቻለሁ።

"ጋሼ ዘውዴ፣ ፊርማ ነው ጣት?" አለችኝ እያወቀች።

"ጣቴን ጡረታ አውጥቼዋለሁ።"

ሰልፈኛው ሳቀ። ስሜን ጻፍኩ። ከነአባቴ፣ ከነአያቴ። መስመሩ አልበቃኝ ብሎ ወደ ጠርዙ ወጣሁ።

አንድ ሺህ ስድስት መቶ ብር! ይሄን ያህል አልጠበቅኩም። ለሚስቴ ለብርቱካን ጫማ ገዛሁ። "ባል ሲማር እንዲህ ነው" አልኳት። "ጫማው ጠቦኛል" አለችኝ። ለሚዛን ቤት ጎረቤቶች ለስላሳ ጋበዝኩ።

ሰኔ 3

ገንዘቡ አለቀ። ሰዉ ግን አላለቀም።

ከታች የሚመጡት፣ ከጀውሃ ወንዝ ማዶ ያሉት፣ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው ተራቸው። መንገዱ ሩቅ ነው። ሐጂ ነጅሙዲን ሃያ ኩንታል ያስገቡ ሰው ናቸው። መስኮቱ ፊት ሲደርሱ ነዒማ የሣጥኑን ክዳን ከፍታ አሳየቻቸው።

"ሐጂ፣ ባዶ ነው። ወላሂ እኔም አልገባኝም።"

"ምነው ልጄ… እኛ ያስገባነው ማሾ አይደለም? አሸዋ ነው?"

ይህ ገንዘብ የዘር ነው። ሰኔ እየሄደ ነው፣ ሐምሌ ሲገባ መዝራት አለባቸው። ሐጂ ባርኔጣቸውን አውልቀው ላባቸውን ጠረጉና መልሰው አደረጉት። ወደ መንገድ ወጡ።

ሰኔ 6

ኮሚቴው ተሰበሰበ። እኛንም ሠራተኞቹን አስገቡን። ሩት ቃለ ጉባኤውን አነበበች። ለአንድ ኪሎ አንድ ብር ከስልሳ ሳንቲም እንዲከፈል ተወስኗል። በዚህ ሒሳብ ለሁሉም ይበቃ ነበር። ሳይከፈላቸው ለቀሩት የሚያስፈልገው አርባ ስምንት ሺህ ብር ነው። የት ገባ?

የተፈረመባቸው ወረቀቶች ሲደመሩ ከወጣው ገንዘብ ጋር እኩል ናቸው። ሊቀመንበሩ መነጽሩን አወለቀ።

"እንግዲያው የሌለ ሰው ተከፍሎታል። የሌለ ሰው አውራ ጣት ተጭኗል። ኮምፒውተር አይሳሳትም።"

ሁላችንም የነዒማን እጅ አየን። እሷም አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ በሻርፗ ሸፈነችው።

ዝምታው ከበደኝ። ዝምታ አልወድም። "የነዒማ አውራ ጣት ከኔ እስክሪብቶ በለጠ ማለት ነው" አልኩ። ሳቁ። ለምን አልኩት?… ሳቅ እንዲመጣ። መጣ።

ነዒማ ከሥራ ታገደች። ዋሷ ወንድሟ ሱፍዋን ነው፣ ባጃጁን አስይዞ የፈረመላት። የባጃጁን ሊብሬ ተቀበሉት። እስከ ሰኔ መጨረሻ ገንዘቡ ካልተገኘ ባጃጁ ይሸጣል፣ እሷም ለፖሊስ።

ሰኔ 8

ገበያ ውስጥ "አውራ ጣት" እያሏት ነው። የማላውቀው ሰው ለኔው መልሶ ነገረኝ፣ እንደ አዲስ ቀልድ።

ሰኔ 9

ማታ ክፍል ውስጥ መምህራችን ተመስገን ነጥብ ያለበት ቁጥር ማባዛት አስተማረን። ቁጥርስ ከድሮም አውቃለሁ፣ ሚዛን አንብቤ ነው የኖርኩት። ነጥቡ ነው አዲስ። "ከራሳችሁ ኑሮ አምጡና አባዙ" አለን። እኔም እጄን አወጣሁ፣ መቼም አልቀር። የራሴን ስምንት መቶ ኪሎ በአንድ ነጥብ ስልሳ።

ሰሌዳው ላይ ሠራሁት። 1,280 መጣ።

"ተሳሳትኩ፣ ተመስገን። አንድ ሺህ ስድስት መቶ ነው የሚመጣው። እኔ ተቀብዬዋለሁ።"

መምህሩ በጣቱ እየተከተለ አየው። "የለም ጋሽ ዘውዴ። ልክ ነዎት። ጎበዝ! አጨብጭቡላቸው።"

አጨበጨቡ። እንደዚህ ያለ ጭብጨባ ይቅርብኝ።

አንድ ሺህ ስድስት መቶ ለስምንት መቶ ኪሎ… ሁለት ብር። ድፍን ሁለት። አንድ ከስልሳው ወደ ላይ ተደፍኗል። በያንዳንዱ ኪሎ ላይ አርባ ሳንቲም ተጨምሮ ነው ገንዘቡ ያለቀው። የሌለ ሰው አልተከፈለም። ያለው ሰው ነው የተከፈለው፣ እኔ ቀድሜ።

ጠመኔው እጄ ላይ ቀረ። ይዤው ቤት ገባሁ።

ሰኔ 10

አልተናገርኩም።

ሰኔ 11

ብርቱካን "ምን ሆነህ ነው ዝም ያልከው?" አለች። "ደክሞኝ ነው።" "አንተ? ከመቼ ጀምሮ?" ቀልድ ፈለግኩ፣ አላገኘሁም።

ብናገር ምን ይመጣል? ያባርሩኝ ይሆናል። እሱን እችላለሁ። ግን ይስቃሉ… እኔ ማሳቅ ነው የለመድኩት። ሳቅ ወደኔ ሲመጣ የት እንደምቆም አላውቅም። ነዒማስ የት ትቆማለች? ይኼን ጠይቄ ገጹን ዘጋሁት።

ሰኔ 12

የሱፍዋን ባጃጅ ውስጥ ገባሁ፣ ሳላይ ነው። ወርጄ እንዳልሮጥ መንገዱ ክፍት ነው፣ ሁሉም ያየኛል።

"ጋሽ ዘውዴ፣ እርስዎ ሁሉንም ያውቃሉ። ይኼን 'አውራ ጣት' የሚሉትን ስም ማን ነው ያወጣው?"

"ሰው ነዋ… ሰው ምን አይልም።"

"እቤት ውስጥ ጓንት አድርጋ እቃ ታጥባለች። እጇን ማየት አልወድም አለች።"

ሒሳቡን አልቀበልም አለኝ። "ለእርስዎማ" አለ። ከቤቴ ሁለት ሰፈር ሲቀር ወረድኩ።

ሰኔ 14

ሩት ቢሮ ገባሁ። "ሩት፣ ኮምፒውተሩ ሳይሳሳት አይቀርም" አልኳት። ኮምፒውተሩ አልኩ። እኔ አላልኩም።

የኔን ወረቀት ከክምሩ አውጥታ በስልኳ አባዛች። ሌላ አወጣች። ሌላ። ፊቷ ተለዋወጠ።

"እኔ አንድ ከስልሳ ብዬ ነው ያስገባሁት! ስክሪኑ ላይም አንድ ከስልሳ ይላል! ስምና ጣት ስንቆጥር ሰነበትን… አንዱን ወረቀት እንኳ እንዴት አላባዛሁም?"

ለሳሙኤል ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ልጁ መኪና ላይ ነው፣ ይነፍስበታል።

"ሳሙኤል፣ የኪሎውን አንድ ከስልሳ ሁለት አድርጎ ነው የሚያባዛው!"

"እንዴ… የብር ሣጥኖቹ እኮ ድፍን ቁጥር ነው የሚይዙት። ስክሪኑ የጻፍሽውን ያሳይሻል፣ ውስጥ የሚቀመጠው ግን የተደፈነው ነው። የኪሎውም ክፍያ ብር ስለሆነ አብሮ ተደፍኗል ማለት ነው።"

"ማን ድፍን አርገው አለህ?"

"እዚያው ያሉት ናቸው። እኔማ ኃላፊዎቹን ልጠይቅ ብዬ ነበር… ሄሎ? ጣርማ በር ዋሻ ልንገባ ነው… እነዚያ ሚዛን ላይ የሚሠሩት…"

ተቋረጠ። ዋሻው ዋጠው።

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "ኔትወርክ!" አልኩ። እውነቴን ነው፣ ያልኩት ይኼን ነው። ልጁ ድምፄን እንዳይለይ እስከዚያ ድረስ ትንፋሽ እንኳ አላሰማሁም ነበር። ሲቋረጥ ኔትወርኩን ወቀስኩ።

ሚዛን ላይ የሚሠራ አንድ ሰው ነው ያለው። ሩት አየችኝ።

"ጋሽ ዘውዴ… መቼ ነው ያወቁት?"

"በቀደም።"

"ነዒማ ቤቷ ተቀምጣ?"

ወረቀቴን ከጠረጴዛው አንስቼ ክምሩ ላይ መለስኩት።

ሰኔ 16

ሳሙኤል መጣ። ሮቢት ሲደርስ እኔን አላየኝም፣ ወይም እንዳላየ ሆነ። ከሩት ጋር ቁጭ ብለው ሣጥኖቹን አስተካከሉ። አሁን ሳንቲሙ እስከ መጨረሻ ይቀመጣል። ለሰው በእጁ ሲሰጥ ብቻ ይደፈናል፣ የተደፈነውም ለብቻው ይጻፋል። ሲጨርስ "ድፍኑ ወደ ላይ ነው ወደ ታች?" ብሎ ጠየቀ። አፌ ሊከፈት ነበር። ወደ ሚዛኔ ሄድኩ።

ሰኔ 17

ጠቅላላ ስብሰባ። ግቢው ሞላ። ሊቀመንበሩ "ነገሩን ያመጣው ራሱ ይናገር" አለ።

ተነሣሁ። ብዙ አዘጋጅቼ ነበር፣ ጠፋብኝ። ጣሳና እፍኝ ብቻ መጣልኝ። "ምራቂ ታውቃላችሁ" አልኩ። "ጣሳው ከሞላ በኋላ የምትጣል እፍኝ ናት። እኔ ግን ጣሳውን ራሱን አሰፋሁት። በሰፋው ጣሳ ለላይኞቻችን ተሰፈረ። ለመጨረሻዎቹ ጎተራው አልደረሰም። ነዒማ አንዲት ሳንቲም አልነካችም።"

እትዬ ከበቡሽ ከሴቶቹ መካከል…

"አንተ ዘውዴ! ማታ እየተማርክ ቀን ታበላሻለህ?"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። በሕይወቴ ካሳቅኩት ሁሉ የበለጠ። ሩት እንኳ ፊቷን አዞረች። ቆሜ ጠበቅኩ… እስኪያልቅ።

ያስቆሙት ሐጂ ነጅሙዲን ናቸው። "ሳቁ ይቆይ። ዘሩስ?"

ለኪሎ ሁለት ብር የተከፈለው ሁሉ አርባ አርባ ሳንቲሙን እንዲመልስ ተወሰነ። የሚሰበስበው ዘውዴ። ነዒማ ነገ ሥራ ትገባለች። የሱፍዋን ሊብሬ ይመለሳል።

ነዒማ ከኋላ ቆማ ነበር። ሲፈረድላት አላለቀሰችም፣ አልሳቀችም። ጓንቱን አድርጋለች።

የአውራ ጣቱን ቀልድ ያመጣሁት እኔ መሆኔን አልተናገርኩም። ማንም አልጠየቀኝም… ይኼም ምክንያት ሆኖ ነው?

ሰኔ 20

ቤት ለቤት። ሩት የሰጠችኝን ስም እያነበብኩ አንኳኳለሁ። ማንበብ ስማር ያሰብኩት ደብዳቤ ነበር፣ ጋዜጣ ነበር።

"ሰጥቶ መቀማት ነው?"

"ምራቂ ይመለሳል እንዴ! የማን አገር ሕግ ነው?"

አንዱ ውሻውን ፈታልኝ። አንዷ ልጇን "እናቴ የለችም በለው አለችኝ" እንዲለኝ ላከችው። እትዬ ከበቡሽ ግን ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡኝ። "ተቀበል። የሰደብኩህን ግን አልመልስም" አሉ።

ሰኔ 22

ዛሬም ብር ስሰበስብ ዋልኩ። የሚመለሰው ግማሹ እንኳ አልሞላም። የበሉት በሉት። ያልመለሱት ከሚመጣው ማሾ ላይ ይቀነስባቸዋል፣ እስከዚያ ግን የታችኞቹ ምን ይዘሩ?

ሰኔ 24

ሱፍዋን መንገድ ላይ አገኘኝና "ይግቡ፣ ጋሽ ዘውዴ፣ ሙቀት ነው" አለኝ። ስለ ስብሰባው አመሰገነኝ። አመሰገነኝ! እህቴን ነጻ አወጡልኝ አለ። የሰውዬው ቅንነት ወጋኝ።

"ሱፍዋን… ያ ስም… አውራ ጣት ያልኩት እኔ ነኝ። ኮሚቴው ፊት። ለማሳቅ።"

ባጃጁ ቆመ። ወደ ኋላ አልዞረም። በመስተዋቱ ነው ያየኝ።

"ውረድ።"

ይውረዱ አላለም። ውረድ። የከባድ መኪናዎቹ አቧራ ሲለብሰኝ እስከ ቤት በእግሬ።

ሰኔ 29

ሐጂ ነጅሙዲን የተሰበሰበውን ሊቀበሉ መጡ። ሃያ ኩንታላቸው ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ይገባዋል፣ የደረሳቸው ከግማሽ ትንሽ አለፍ ያለ ነው። ለቀረው ዘር ከነጋዴ በዱቤ ወስደዋል። ሊገላግሉኝ ፈልገው "አላህ ያመጣዋል" አሉ። እግዜር አይደለም የወሰደባቸው ግን። ዝናቡ ትናንት ጀምሯል። ጎረቤቶቻቸው መዝራት ጀምረዋል።

ሐምሌ 5

የራሴን ሦስት መቶ ሃያ ብር መለስኩ። ከመለሱት ሁሉ መጨረሻ። ጫማና ለስላሳ ሆኖ ስለነበር ደሞዝ መጠበቅ ነበረብኝ። የሌላውን ሰው በር ስደበድብ የከረምኩት የራሴን ሳልመልስ ነው።

መስኮቱ ላይ ነዒማ ነበረች። ጓንት አላደረገችም። ብሩን ሰጠኋት። የቀልዱንም ነገር ነገርኳት፣ ከወንድሟ ሰምታ ይሆናል። ይቅርታ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። "አፍዎ ነው እንጂ ልብዎ እኮ ደህና ነው፣ ጋሼ ዘውዴ" አለችኝ። ቀለለኝ።

ሐምሌ 8

ዛሬ ሚዛን ላይ የአንድ ገበሬ ጆንያ አርባ ሰባት ነጥብ ስድስት መጣ። አርባ ሰባት ነጥብ ስድስት ብዬ ጠራሁ። "ምነው፣ ዛሬ ቀልድ የለም? አርባ ስምንት በለውና እንሂድ" አለኝ። ነጥብ ስድስት አልኩት። ሩት ጻፈች። ሰውዬው አኩርፎ ሄደ። ሰው ሲያኮርፍብኝ ዝም ብዬ ማለፍ እየለመድኩ ነው መሰለኝ።

ማታ የሐምሌ አምስትን ገጽ መልሼ አነበብኩት። ደጋግሜ። ጥሩ ጽሑፍ ነው። ተመስገን ቢያየው ያጨበጭብለታል።

ያን ቀን ነዒማ አልሳቀችም። ያንንም አላለችም። ልብዎ ደህና ነው ያልኩት እኔ ነኝ፣ ለራሴ፣ በሷ አፍ። ይቅርታውንም ገና ስጀምር ብሩን ወደ መቁጠር ገባች። ድምፄን እየቀነስኩ ሄጄ መሃል ላይ ተውኩት። ጓንቷን አድርጋ ነበር። ሦስት መቶ ሃያ ቆጠረች፣ ደረሰኝ ቆርጣ በመስኮቱ አወጣችልኝ።

"የሚቀጥለው" አለች።

ከኋላዬ ማንም አልነበረም።